አንድ ሙዚቃ፣ ሁለት ቀረጻ፦ የባኽን ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ እያነጻጸሩ ማዳመጥ

ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «የባኽን ሙዚቃ ላዳምጥ ብዬ ስፈልግ አንዱን ሥራ መቶ ሰው ተጫውቶት አገኘሁ። የቱን ልክፈት? ኖታው አንድ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» በቴሌግራም የሚጽፍልኝም፣ ቡና ላይ የሚያገኘኝም ይኼንኑ ይጠይቀኛል። የአክስቴ ልጅ እንኳ አልቀረችም። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ትዝታን አንዱ ሲዘፍነው እንባችሁ መጥቶ፣ ሌላው ሲዘፍነው ሻይ ልታፈሉ ከተነሳችሁ ጥያቄውን ግማሽ መልሳችሁታል። የቀረው ግማሽ ዘዴ ነው።

የምንለማመድበት ሥራ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ ነው። በ1741 ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የተጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ መሰል የቆየ መሣሪያ) ነው። «አሪያ» የምትባል ዝግ ያለች ዜማ ትከፍተዋለች፣ 30 ቫሪዬሽኖች (በአንድ መሠረት ላይ የተሠሩ የተለያዩ ቁራጮች) ይከተላሉ፣ መጨረሻ ላይ ያቺው አሪያ ተመልሳ ትመጣለች። በድምሩ 32 አጫጭር ቁራጮች ናቸው።

ይኼን ሥራ የመረጥኩት በግሌን ጉልድ ምክንያት ነው። ካናዳዊው ፒያኒስት በ1955 በ22 ዓመቱ ቀረጸው። በ1981 እዚያው ኒው ዮርክ፣ እዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ ገብቶ ደገመው። ተጫዋቹ አንድ፣ ኖታው አንድ፣ ክፍሉ አንድ። ፒያኖው ተለውጧል፤ መጀመሪያ ስታይንዌይ፣ በኋላ ያማሃ። የመቅረጫ መሣሪያውም ተሻሽሏል። ከዚያ ውጪ የምትሰሙት ልዩነት የሰውየው ውሳኔ ነው። ጀማሪ ሰው ሁለት የተለያዩ ተጫዋቾችን ይዞ ከተነሳ የቱ ልዩነት ከየት እንደመጣ ይጠፋበታል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የጉልድ የ1955 እና የ1981 ቀረጻዎች። የመጀመሪያው ወደ 39 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ወደ 51 ደቂቃ ነው።
- አንድ ሄድፎን ወይም ኢርፎን። ውድ መሆን የለበትም። ለሁለቱም ቀረጻ ያው አንዱ መሆኑ ግን ግዴታ ነው።
- የድምፅ መጠን የሚለካ አፕ ያለበት ሁለተኛ ስልክ። የወንድምም የእህትም ይሆናል፤ ለአምስት ደቂቃ ነው።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- ዳታ። በ128 ኪሎቢት ጥራት 1 ደቂቃ ሙዚቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ ቀረጻዎች 90 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናሉ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አስቀድማችሁ አውርዱት፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አፑ ጥራቱን በራሱ ዝቅ ያደርጋልና ማነጻጸሩ ይበላሻል።
- ለደረጃ 6 የሚያግዛችሁ አንድ ሰው።

ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። እስከ ሦስት መቁጠር ግን ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ቀረጻ ያዙ

የጉልድን ስምና የሥራውን ስም ብትፈልጉ ከሁለት በላይ ይመጣላችኋል። የ1954 የካናዳ ሬዲዮ ቀረጻ አለ። በ1959 ዛልስቡርግ ላይ በሰው ፊት የተጫወተው አለ። በ2007 የወጣ ደግሞ አለ፤ እሱ የ1955ቱን አጨዋወት በኮምፒውተር ተንትነው በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ላይ ያስደገሙት ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን የ1955ቱ ቀረጻ አይደለም። ድምፁ በጣም ጥርት ካለባችሁ ተጠራጠሩ፤ እውነተኛው የ1955 ቀረጻ ሞኖ ነው፤ በግራም በቀኝም ጆሮ የሚሰማው ያው አንድ ድምፅ ነው።

ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት ሊያሳስታችሁ ይችላል። አፖች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት አልበሙ የወጣበትን ወይም ድምፁ ዳግም የጸዳበትን ዓመት ነው። የ1955ቱ ገበያ የወጣው በ1956፣ የ1981ዱ በ1982 ነው። ስለዚህ 1956 ወይም 1982 ብታዩ አትደንግጡ። ርዝመቱን ተመልከቱ፤ 39 እና 51 ደቂቃ ገደማ ከሆኑ ልክ ናችሁ።

ደረጃ 2፦ አፑን አዘጋጁ

አራት ነገር አጥፉ፦ ሹፍል፣ አንዱን ትራክ በሌላው ላይ የሚደርበውን ክሮስፌድ፣ ኢኳላይዘር እና ቤዝ መጨመሪያ። ክሮስፌድ ለዳንስ ሙዚቃ ጥሩ ነው። እዚህ ግን በሁለት ቫሪዬሽኖች መካከል ያለውን ዝምታ ይበላዋል። ያ ዝምታ የአጨዋወቱ አካል ነው፤ አንዱ ተጫዋች ትንፋሽ ሰጥቶ ይሻገራል፣ ሌላው ገና ሳትዘጋጁ ይገባል።

ቁጥሩንም ከአሁኑ ልመዱት። አሪያዋ ትራክ 1 ስለሆነች ቫሪዬሽን 1 ትራክ 2 ላይ ነው። ቫሪዬሽን 25 ማለት ትራክ 26 ማለት ነው። እኔ ይኼን ሳላስተውል ለአንድ ጓደኛዬ «25ኛውን ስማው፣ እንዴት እንደሚያሳዝን» ብዬ ላክሁለት። ትራክ 25ን ሰምቶ «እንዲያውም ደስ ይላል» አለኝ። ተከራከርን። ለካ የሰማው 24ኛውን ነው።

ደረጃ 3፦ የድምፅ መጠኑን እኩል አድርጉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ ታነባላችሁ ብባል ይኼን እመርጣለሁ።

ጆሯችን ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ «ከፍ አለ» አይለውም። «ጥርት አለ»፣ «ሕይወት አለው» ነው የሚለው። ልዩነቱ አንድ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ብቻ ሲሆን መጠኑ እንደተለወጠ እንኳ አይታወቃችሁም፤ የሚታወቃችሁ አንደኛው «የተሻለ» መሆኑ ነው። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ የአንዱን ቀረጻ ልዕልና ስሰብክ ከርሜ፣ ቮልዩሙን ሳስተካክል ልዕልናው አብሮ ጠፋ። የሰበክሁላቸው ሰዎች እስካሁን ያነሱብኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. የ1981ዱን አሪያ ክፈቱ። ቮልዩሙን አጠገባችሁ ያለ ሰው በመደበኛ ድምፅ ቢያናግራችሁ የምትሰሙት ያህል ላይ አድርጉት።

ለ. የሄድፎኑን አንድ ጆሮ ከሁለተኛው ስልክ ማይክ ጋር አጣብቁት። የመጀመሪያዎቹን 20 ሰከንዶች አጫውቱና አፑ የሚሰጣችሁን አማካይ ቁጥር ጻፉ። የቅጽበቱን ሳይሆን አማካዩን።

ሐ. የ1955ቱን አሪያ ክፈቱና ያንኑ አድርጉ። ቁጥሮቹ በ1 ዴሲቤል ክልል ውስጥ እስኪገቡ ቮልዩሙን ከፍ ዝቅ አድርጉ።

መ. ለእያንዳንዱ ቀረጻ ቮልዩሙ ስንት ላይ እንደሆነ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ቀረጻ በቀየራችሁ ቁጥር ወደዚያ ትመልሱታላችሁ።

የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ዴሲቤል ላይነግራችሁ ይችላል። ግድ የለም። እኛ የምንፈልገው ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ነው፤ ለዚያ ይበቃል። መለኪያ ከሌላችሁ ከፍ የሚለውን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ አድርጉ፤ የቱ ከፍ እንደሚል መለየት ሲያቅታችሁ አቁሙ። አፑ መጠን አስተካካይ ካለው አብሩት። እሱን ብቻ አምናችሁ ግን አትቀመጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ምንም ባይሰማችሁ እንኳ ቮልዩሙን እየጨመራችሁ አትሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያንሳል። ጎረቤት ጄኔሬተር ካስነሳ አትፎካከሩት። አጥፉትና ማታ ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ግራ እጁን ብቻ ስሙ

የትኛውንም አሪያ ክፈቱና የላዩን ዜማ ለጊዜው እርሱት። ታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ተከተሉ። እንደ ቫልስ አንድ-ሁለት-ሦስት እያላችሁ ቁጠሩ። «አንድ» በምትሉበት ቦታ ሁሉ አንድ የቤዝ ድምፅ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት «አንዶች» ደረጃ እንደሚወርድ ሰው አንድ አንድ እርምጃ ዝቅ ይላሉ። ሦስት አራት ጊዜ ብታዳምጡት አብራችሁ ታንጎራጉሩታላችሁ።

ለምን ይኼ ይቀድማል? ባኽ 30ዎቹን ቫሪዬሽኖች የሠራቸው በላዩ ዜማ ላይ ሳይሆን በዚህ የቤዝ መንገድ ላይ ነው። ብዙ ሰው የአሪያዋን ዜማ በየቫሪዬሽኑ ሲፈልግ ያጣውና «ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይተዋል። ቤዙን የያዘ ሰው አይጠፋም። ሁለት ቀረጻ ሲያነጻጽርም ተጫዋቹ ለግራ እጁ ስንት ቦታ እንደሰጠው ወዲያው ይሰማዋል።

ደረጃ 5፦ አሪያዋን በሰዓት ለኩ

«ይኼኛው ይፈጥናል» ማለት ቀላል ነው። ምን ያህል እንደሚፈጥን በቁጥር እንየው።

አሪያዋ 32 ባር አላት። አንድ ባር ማለት ቅድም የቆጠራችሁት አንድ ዙር «አንድ-ሁለት-ሦስት» ነው፤ ሦስት ምት። 32 በ3 ሲባዛ 96 ምት። ጉልድ በ1955 አሪያዋን በ1 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገደማ ነው የጨረሳት፣ ማለትም በ113 ሰከንድ። በ1981 ደግሞ በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፣ በ185 ሰከንድ። 96ን ለሰከንዱ አካፍላችሁ በ60 አባዙት። የመጀመሪያው በደቂቃ ወደ 51 ምት፣ ሁለተኛው ወደ 31 ምት ይሆናል። የግድግዳ ሰዓት በደቂቃ 60 ጊዜ «ቀጭ» ትላለች። እንግዲህ የ1955ቱ ከሰዓቷ በጥቂቱ ይዘገያል፣ የ1981ዱ ደግሞ ሁለት ጊዜ «ቀጭ» ስትል አንድ ምት ያህል ነው።

አሁን ተመልሳችሁ መክፈቻውን ስሙ። ቀኝ እጁ ያንኑ አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይመታና ይቀጥላል። በ1955ቱ ሁለቱ ምቶች ወደፊት የሚሄድ ሰው እርምጃ ናቸው፤ ቀጣዩን ይጠሩታል። በ1981ዱ የመጀመሪያው ድምፅ ሲደክም፣ ሲሳሳ ይሰማችኋል፤ ሁለተኛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ድምፅ ተደገመ፣ ሁለት ስሜት ሰጠ። ይኼን ከሰማችሁ ሥራው ገብቷችኋል።

ጥንቃቄ፦ ይኼ ስሌት የሚሠራው ተጫዋቹ ካልደገመ ብቻ ነው። አሪያዋም ቫሪዬሽኖቹም ሁለት ግማሽ አላቸው፣ ኖታውም እያንዳንዱን ግማሽ ድገሙ ይላል። ጉልድ በሁለቱም ዓመት አሪያዋን ሳይደግም ነው የተጫወተው። ሌላ ሰው ስታዳምጡ 16 ባር ካለቀ በኋላ መክፈቻው ተመልሶ ከመጣ እየደገመ ነው። ሁለቱንም ግማሽ ከደገመ 96ን ትታችሁ በ192 አስሉ።

ደረጃ 6፦ በአንድ ማዳመጥ አንድ ጥያቄ

ሙሉ አልበም ሰምቶ ሌላ ሙሉ አልበም መክፈት ማነጻጸር አይደለም። ሁለተኛው ሲያልቅ የመጀመሪያው ከጆሯችሁ ጠፍቷል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቁረጡ። አንዱን ስሙ፣ ሌላውን ስሙ፣ ወደ አንደኛው ተመለሱ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦

- ድምፆቹ ተያይዘው ነው የሚፈሱት ወይስ ነጠል ነጠል ይላሉ?
- የትኛው እጅ ነው ጎልቶ የሚወጣው?
- በዋናው ድምፅ ዙሪያ የሚርገበገቡት ትንንሽ ጌጦች ፈጠን ብለው ያልፋሉ ወይስ ተዘርግተው ይሰማሉ?
- ምቱ እንደ ማሽን እኩል ነው ወይስ ሐረግ ሲያልቅ ይለጠጣል?
- ፒያኖው አጠገባችሁ ነው ወይስ ክፍሉ ማዶ?

መልሱን ወዲያው ጻፉ። «ያምራል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ነገ ስታነቡት ምንም አይነግራችሁም። «ግራ እጁ ነጠል ነጠል፣ 0፡20 ላይ ትንሽ ቆመ» ብላችሁ ጻፉ።

በማግስቱ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ። ሁለተኛ የሚሰማው ሁሌ ይጠቅመዋል፤ መንገዱን የመጀመሪያው አሳይቷችኋልና። ሲገለበጥ ምርጫችሁም አብሮ ከተገለበጠ የወደዳችሁት ቀረጻውን ሳይሆን ተራውን ነው።

የሚያግዛችሁ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስልኩን ስጡትና ፊታችሁን አዙሩ። ሳንቲም ወርውሮ የወጣውን ይክፈት፣ ምንም አይናገር። ከጉልድ ሁለት አሪያዎች የቱ የቱ እንደሆነ በሁለት ሰከንድ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ላይ መፈተኑ ዋጋ የለውም። ዋጋ የሚኖረው በኋላ ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ተጫዋቾችን ስትይዙ ነው። ያኔ ስሙ ካልታወቀ ስንቱ አድናቆት እንደሚተን ታያላችሁ።

ደረጃ 7፦ ቫሪዬሽን 25ን ክፈቱ (ትራክ 26)

እስካሁን «ወጣቱ ፈጣን፣ ትልቁ ዝግ» የሚል ደንብ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ገብቷል። ይኼኛው ያፈርሰዋል። ቫሪዬሽን 25 ሐዘን የተሞላ፣ ማይነር በሚባለው ጠቆር ያለ ቅኝት ላይ ያለ ነው። በ1955 ጉልድ ወደ 6 ደቂቃ ተኩል ወስዶበታል። በ1981 ደግሞ ከ6 ደቂቃ ብዙም አላለፈም። የ22 ዓመቱ ልጅ ነው የዘገየው!

ስለዚህ የአንዱን ትራክ ፍጥነት ይዛችሁ ስለ ሙሉ ቀረጻው አትፍረዱ። ቢያንስ ሦስት ውሰዱ፤ አሪያዋን፣ አንድ ፈጣን ቫሪዬሽን እና 25ኛውን። ይኼኛውን ደክሟችሁ ወይም ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ አትሞክሩት። ጸጥታ ይፈልጋል።

ደረጃ 8፦ አሁን ወደ ሃርፕሲኮርድ

ከጉልድ ጋር ሁለት ሳምንት ከቆያችሁ በኋላ ባኽ የጻፈለትን መሣሪያ ስሙ። የትሬቨር ፒኖክ የ1980 ቀረጻ ጥሩ መነሻ ነው። ቆየት ያለውን ከፈለጋችሁ የዋንዳ ላንዶውስካ የ1933 ቀረጻ አለ፤ አሮጌ ስለሆነ ይንሻሻል፣ ታገሱት።

ከመክፈታችሁ በፊት ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉ። ሃርፕሲኮርድ በአካል ሲሰማ ለስለስ ያለ መሣሪያ ነው፤ በቀረጻ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይመጣል። «ቆርቆሮ ይመስላል» ብለው የሚያማርሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ቮልዩሙን ሲቀንሱት ታርቀውታል።

ፒያኖ ገመዱን በመዶሻ ይመታል፤ ጠንክሮ ለመታው ይጮኻል። ሃርፕሲኮርድ ገመዱን ቆንጥሮ ይለቀዋል፤ ቁልፉን ብትደበድቡትም ከፍ አይልም። ተጫዋቹ አንድን ድምፅ ማጉላት ሲፈልግ ያለው ዘዴ ጊዜ ነው። ለቅጽበት ያዘገየዋል፣ ወይም ከፊቱ ያለውን ያሳጥራል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ለውጡ። «የቱ ጋ ከፍ አለ?» ማለቱን ተዉት፤ «የቱ ጋ ዘገየ?» በሉ።

ሁለት ነገር እንዳያደናግራችሁ። አንደኛ፣ ብዙ የሃርፕሲኮርድ ቀረጻዎች የሚቃኙት በ415 ኸርዝ (መቃኛው ድምፅ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ነው፣ የዛሬ ፒያኖ ግን በ440። ልዩነቱ በቅኝት ግማሽ ድምፅ ያህል ነው፤ ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ያለው እንደማለት። ዝቅ ያለው ጠቆር፣ ረጋ ያለ ይመስላል። ዘገየ ማለት አይደለም፤ በሰዓት አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ የቀረጻው ዓመት ሌላም ነገር ይወስናል። የባኽ የራሱ የታተመ ቅጂ፣ በእጁ ያረመበት፣ የተገኘው በ1970ዎቹ ነው። ቫሪዬሽን 7 ላይ «በጂግ ፍጥነት» የሚል ጽፎበታል፤ ጂግ ፈጠን ያለ ዳንስ ነው። ላንዶውስካ በ1933 ስትቀርጽ ይኼ ጽሑፍ አልነበራትም። ስለዚህ 7ኛውን (ትራክ 8) ከእሷና ከፒኖክ ስታነጻጽሩ «ተሳስታለች» ለማለት አትቸኩሉ። ያልደረሳትን መመሪያ አልጣሰችም።

ገንዘብ ካጠረ፣ ኪሚኮ ኢሺዛካ በ2012 በፒያኖ የቀረጸችው ሙሉ ሥራ ለማንም ሰው በነፃና በሕጋዊ መንገድ ይወርዳል። ለሦስተኛ ማነጻጸሪያ እሱን ያዙ።

ብዙ የማያቸው ስህተቶች

ጠቅላላ ርዝመት አይቶ መፍረድ። 39 ደቂቃና 78 ደቂቃ የሆኑ ሁለት ቀረጻዎች ስታዩ ሁለተኛው በእጥፍ ዘግይቷል ማለት አይደለም። አንዱ ምንም ሳይደግም፣ ሌላው ሁሉንም ደግሞ ሊሆን ይችላል። በ1981ዱ ጉልድ ራሱ አንዳንዶቹን ደግሟል። ስለዚህ 39ን ከ51 ጋር ማወዳደርም ሙሉ በሙሉ አያስኬድም።

አንዱን በኢርፎን፣ ሌላውን በስፒከር መስማት። ያነጻጸራችሁት ዕቃውን ነው።

መጀመሪያ የለመዳችሁትን «ትክክለኛው» አድርጎ መያዝ። ይኼ ሁላችንም ላይ ይደርሳል። መድኃኒቱ አዲሱን ብቻውን ለሦስት ቀን ሰምቶ ወደ አሮጌው መመለስ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ መቀጠል። ጆሮ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ግምት ነው። ደብተሩን ዝጉ፣ ከፈለጋችሁ እንዲሁ ለደስታችሁ ስሙ።

የመጨረሻው ስህተት እንኳ አይባልም፤ ግን በየወሩ ይጻፍልኛል። «ያወረድኩት ፋይል ተበላሽቷል፣ ከፒያኖው ጀርባ የሚያጉተመትም ሰው ይሰማል» ይሉኛል። ፋይሉ ደህና ነው፤ አትሰርዙት። ጉልድ ሲጫወት አብሮ ያንጎራጉራል። በሄድፎን በደንብ ይሰማል።